ከባሕሩ ጀርባ የነበሩ ሰዎች

ባሕር መሳል የጀመርኩት ባሕር ሳላይ ነው። መካነ ሰላም ተወልጄ፣ ደሴ የመምህርነት ሥልጠና ወስጄ፣ ተመልሼ እዚያው መካነ ሰላም አስተማሪ ሆንኩ። እስከዚያ ዕድሜዬ ያየሁት ትልቅ ውሃ፣ ከደጋው ጫፍ ቆመው ቁልቁል ሲያዩት በጠራ ቀን እንደ ክር የሚቀጥነው ዓባይ ብቻ ነበር።

ባሕሩን ወደ ቤታችን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው። ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ሲያገለግል ኖሮ፣ ሳንባው ሲታመምበት አሰናብተውት መጣ። ክረምት ስለነበር መኪና አይገባም፤ በበቅሎ ነው የደረሰው። ከበቅሎዋ ላይ ደግፌ ሳወርደው ክብደቱ የሕፃን ሆኖብኝ ደነገጥኩ። እኔ የምጠብቀው ያን ትከሻው በር የሚሞላውን ሰው ነበር።

እናትና አባታችን አርፈው ስለነበር ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ሆንን። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በሚመታው በኩል ቁርበት አነጥፍለትና ወደ ተማሪ ቤት እሄዳለሁ።

«ወንድም ጋሼ፣ ስመለስ ምን ላምጣልህ?» እለዋለሁ።

«ባሕር» ይለኛል።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ወደ ነፋሱ አዘንብሎ ሲቀመጥ አየሁና የምሩን እንደሆነ ገባኝ። «እሺ፣ ልሳልልህ» አልኩት። ለተማሪዎቼ ዶሮና ጎጆ እስል ነበር፤ ባሕር ከዚያ የሚብስ አልመሰለኝም።

ደብተሩን የሠራው እሱ ነው። ጤና ጣቢያው ሲሠራ የተጣለ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር፤ የውስጥ የውስጡን ወረቀት እየላጠ አራገፈና በካውያ ተኮሰው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ቁም ጸሐፊ ከብራናቸው የተረፈ ቁርጥራጭ ሰጡት። ወረቀቱንና ብራናውን እያፈራረቀ ደረደረና፣ ከመርከብ ይዞት በመጣው ወፍራም የሸራ መስፊያ መርፌ፣ በጅማት ሰፋው። መሸፈኛው ሁለት የዋንዛ ሳንቃ ነው። ሲከፈት ይንቋቋል፤ ቆዳ ቆዳ ይሸታል።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነጭ ልብስ የሚነከርበትን ሰማያዊ ዱቄት በጥብጬ ሞገዱን በተርታ አሳምሬ ደረደርኩት። ኮርቼ ሰጠሁት። ብዙ አየው። ከዚያ እጁን ምድጃው አመድ ውስጥ ነክሮ ሥዕሌን በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር ለቀለቀው።

ክው አልኩ። «ምን ነካህ? ቀኑን ሙሉ የደከምኩበትን!»

«ይሄ እኮ መቀነት ነው ሚጡ፤ ባሕር አይደለም» አለኝ እየሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል እየተለወጠበት። «ባሕር ተደርድሮ አይተኛም። ይመጣብሻል።»

«እንዴት አድርጎ ነው የሚመጣብኝ?»

«ልጅ ሆነሽ የጎረቤት ወይፈን ያባረረሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ወይፈኑን ተዪው። ያን ጊዜ ሆድሽ ውስጥ የተሰማሽን ሳዪው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥዕላችን ሌላ ሆነ። በጣታችን፣ በጨርቅ፣ በመጥረጊያ ጭራሮ እንሠራ ነበር። ጥቀርሻ በዕንቁላል አስኳል ስናሸው ማዕበሉ ይጠቁራል። በጧፍ ሰም የማይታይ መስመር አሰምራለሁ፤ ሰማያዊውን ስንደፋበት ቀለሙ ከሰሙ ላይ ይሸሽና አረፋው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ ሳይደርቅ ጨው ስንበትንበት፣ ጨው ውሃውን እየመጠጠ ገጹን በነጠብጣብ ይሞላዋል። የከረጢት ክርና ደቃቅ አሸዋ በሙጫ እንለጥፍበታለን። እሱ ከቁርበቱ ላይ ሆኖ «በርቺ፣ ግፊው፣ አትፍሪው» ይለኛል። እኔ ያላየሁት ባሕር ከእጄ ሥር ሲነሣ፣ እውነቴን ነው፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ እሸሽ ነበር።

እሱ በመጣ በዓመቱ ዝናቡ ቀረ። የቀደመውም ክረምት ደህና አልነበረም። ከዓባይ በረሃ እየተግተለተለ ይወጣ የነበረው ጉም እንኳ ጠፋ። ዶሮዎቻችን ጥሬ ሲያጡ መጣል አቆሙ፤ ዕንቁላሉን ከሥዕሉ አስቀረነው። ከዚያ በጎረቤት ወረዳ በከላላ በኩል ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ከምሥራቁ ቆላ ተነሥተው፣ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ለመግባት የሚሄዱ ነበሩ። መጀመሪያ ቤተሰብ ቤተሰብ ሆነው መጡ፤ ኋላ ግን አንድ አንድ እያሉ። ከተማሪ ቤት ስመለስ መንገድ ዳር ተቀምጠው የማያቸው ሰዎች ጠዋትም እዚያው እንደዚያው የነበሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ተቀምጠው ሳይሆን እንደተቀመጡ ቀርተው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ከአጥራችን በር ላይ ቆመች። ብቻዋን ነበረች።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች።

«ወአለይኩም ሰላም። ግቢ እህቴ፤ ቁጭ በይ» አላት ወንድሜ። ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ተከፍቶ ነበር።

እኔ ለራት ያስቀመጥኩትን የባቄላ ንፍሮ ላመጣላት ወደ ቤት ገባሁ። ድምፃቸው ከውጭ ይሰማኛል።

«ይሄ ውሃ ነው?» አለችው።

«አዎ፣ ባሕር ነው።» ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ። ስለ ባሕር የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ቆይቷል።

«የት ነው ያለው?»

«ሩቅ ነው። ምጽዋ።»

«በእግር ይደረሳል?»

«ቢደረስም አይጠጣም እህቴ። ጨው ነው።»

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ።»

ሳህኑን ይዤ ስወጣ ሴትዮዋ ደብተሩን ከጉልበቱ አንሥታ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ምላሷን ገጹ ላይ አሳርፋ ነበር። ከአንዱ ዳር ጀምራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ ጨው ጨውን እየመረጠች ትልሰው ነበር።

ሳህኑ ከእጄ ሲወድቅ አልታወቀኝም።

ቀና አለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። «ወላሂ፣ ጨው ነው!» አለች፤ ከዚያ የት እንዳለች ትዝ አላትና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አፉ በሉኝ። ቅጠል ብቻ እየበላሁ ከርሜ፣ ጨው አምሮኝ ነው።»

ወንድሜ የተቆጣ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት። ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሲመለስም፣ ሲታመምም፣ እናታችን መሞቷን ሲሰማም ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር።

«ሚጡ፣ የቤቱን ጨው አምጪላት» አለኝ። «ንፍሮውንም ልቀሚው፤ እጠቢና ስጫት።»

ሴትዮዋ ጎጃም አልሄደችም። ያን ቀን ማድቤት ውስጥ አሳደርናት፤ ማግሥቱን ወንድሜ ትኩሳት ያዘውና እኔ ተማሪ ቤት ስውል እሷ ውሃ ስታቀርብለት ዋለች። በዚያው እኛ ጋ ቀረች። ያለንን ለሦስት ተካፈልን። እትዬ እላት ነበር። ባሏንና ልጆቿን በየመንገዱ እንዳስቀረች አንድ ጊዜ ነገረችኝ፤ ዳግመኛ አላነሣችውም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ጥቂት ቆይቶ ከከተማው ሹሞች አንዱ ቢሮው አስጠራኝ። የማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ የሰቀልኳቸውን ሥዕሎች አይቷል።

«ትልቅ እንግዳ ይመጣብናል» አለኝ። «ከተማው እንዲያምር እፈልጋለሁ። አቡጀዲ እሰጥሻለሁ፤ ለምለም ነገር ሳዪበት።»

«ለምለም ማለት ምን ዓይነት ጌታዬ?»

አሰበ። «ውሃ ይሁን። ብዙ ውሃ፤ ሲያዩት የሚያረካ።»

እየበረርኩ ቤት ደረስኩ። ወንድሜ ሰምቶ፣ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምርኩዝ ተነሣ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወለል ላይ ጨርቁን አንጥፈን፣ ከደብተሩ ውስጥ የሚወደውን ማዕበል መርጠን በመጥረጊያ አግዝፈን ሳልነው። እሱ ወንበር ላይ ሆኖ ይመራል፣ አንዳንዴም ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ይለቀልቃል፤ እኔ በባዶ እግሬ ጨርቁ ላይ እሮጣለሁ። ጥቀርሻውን ከየማድቤቱ ለመንኩ። እትዬ መጥታ የጨርቁን ጠርዝ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። «ጥሩ ጨርቅ ነው» ብላ ሄደች።

በዚያ ሥራ ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ? ሰው እየሞተ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ፊቱ ላይ ደም የታየው በእነዚያ ቀናት ነው።

እንግዳው የሚመጣ ቀን ተማሪዎቼን አሰልፌ ወደ ገበያው ሜዳ ወጣሁ። ወንድሜ የባሕር ኃይል ነጭ ልብሱን ለብሶ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ተሰልፏል፤ ልብሱ እላዩ ላይ እንደ ድንኳን ሰፍቶት ነበር። ጨርቁ በከተማው መግቢያ ይሰቀላል ብዬ ስጠብቅ፣ ከሜዳው ማዶ፣ የእህል መጋዘኑ በረንዳ ፊት ለፊት ከግንድ ግንድ ተወጥሮ አየሁት። እንዴት ግሩም ነበር! ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ በእውነት ይንቀሳቀስ ነበር።

ላንድሮቨሩ መጣ። ተማሪዎቼ መዝሙር ጀመሩ። እንግዳው ወርዶ ሰላምታ እየሰጠ ሲያልፍ ነፋሱ በረታና የጨርቁን ግርጌ ከፍ አደረገው።

ከሥሩ እግሮች ነበሩ።

ብዙ እግሮች። ከጎን ለጎን የተዘረጉ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ከባታቸው የወፈረ እግሮች። አንድ እጅ የጨርቁን ጫፍ ይዞ መልሶ ለማውረድ ይታገላል። ምናልባት እንዲይዙት ታዘው ይሆናል። የመንገድ ዳሮቹ ጠዋት ለምን ባዶ እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ። እጄን ወደ አፌ ስወስድ ቀለሙ ገና ከጥፍሬ ሥር አልወጣም ነበር።

ነፋሱ እንደገና አነሣው፤ በዚህ ጊዜ ፊት አየሁ። እትዬ ነበረች። ጠዋት ውሃ ለመቅዳት ወጥታ ነበር፤ መልኳ እንደነሱ ነውና የሹሙ ዘበኞች ከመንገድ ላይ አፍሰው ከነሱ ጋር አጉረዋታል። እንስራዋን እንዳቀፈች እኔን ታየኛለች። አልጠራችኝም።

ወንድሜም አይቷል። ከሰልፉ ወጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በወታደር እርምጃ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ዘበኞቹ ሰላምታ ሊሰጥ መስሏቸው መንገድ ለቀቁለት። ግንዱ ሥር ሲደርስ ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ገመዱን በጠሰው። ባሕሩ ባንድ ጊዜ ወደቀ።

የሚሰማው የተማሪዎቼ መዝሙር ብቻ ነበር፤ ተዉ ያላቸው ሰው ስላልነበረ ዝማሬያቸውን ቀጠሉ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለ እንግዳው።

«መንገደኞች ናቸው ጌታዬ፤ ለገበያ የመጡ» አለ ሹሙ።

«የተራቡ ሰዎች ናቸው!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያ ደረት እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

እንግዳው መነጽሩን አወለቀ፤ ወደ በረንዳው ጥቂት አየ። አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። መነጽሩን መልሶ አደረገና መኪናው ውስጥ ገባ። ሄዱ። አቧራው እንኳ ሳይረጋ ዘበኞቹ ወንድሜን በሁለት ክንዱ ይዘው ወሰዱት። ያን ነጭ ልብስ ለብሶ እግሩ መሬት ሲጎተት እያየሁ «ታማሚ ነው፣ ታማሚ ነው» እላለሁ። ሰምቶ ዞር ያለ አልነበረም።

እትዬን ከነእንስራዋ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ፤ ጨርቁ ግን እዚያው አፈር ላይ ቀረ። ለማንሣት አልደፈርኩም። ማግሥቱን በሰፈራችን ቁርኣን የሚያስተምሩ ሽማግሌ ሼህ ቤቴ መጡ። የሚሞቱትን መንገደኞች የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ።

«ልጄ፣ ያ ጨርቅ ያንቺ ሥራ ነው ይሉኛል» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«ለከፈን ትፈቅጂልናለሽ ወይ? አቡጀዲ ከገበያ ጠፍቷል። ሰዉን በቅጠል እየቀበርን ነው።»

ምን እንደሚሉ ወዲያው አልገባኝም። ለሙታኑ መገነዣ መሆኑ ሲገባኝ የበሩን መቃን ያዝኩ። «ቀለም አለው እኮ አባቴ» ነው ያልኩት።

«አብሽሪ፤ አላህ ቀለሙን አይጠይቅም» አሉኝ።

ጨርቁን ቆራርጠው ከፊሉን እሳቸው ወሰዱ፣ ከፊሉን የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ለራሳቸው ሙታን ወሰዱ። በዚያ ሳምንት ከክፍሌ መስኮት ሆኜ ቃሬዛ ሲያልፍ አያለሁ፤ የማዕበሉን ቁራጭ ገና ከሩቅ እለየዋለሁ። አንዴ የወንድሜ የመዳፍ አሻራ ያለበት ቁራጭ አለፈ። ተማሪዎቹን «ጻፉ» አልኳቸውና ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። ምን ጻፉ እንዳልኳቸው አላስታውስም።

ወንድሜን ሲለቁት ደም ያስለው ነበር። እትዬ ከኔ ይልቅ በረታች፤ አጠበችው፣ አጥሚት አጠጣችው፣ ትራስ አስደገፈችው። ትንሽ ሲሻለው ያለው የመጀመሪያ ቃል «ደብተሩን አምጪው» የሚል ነበር።

«አሁንም?» አልኩት። እኔ ያን ደብተር ሁለተኛ ማየት አልፈልግም ነበር።

«አሁን ነው እንጂ።»

አመዱንና ከሰሉን ይዞ ብራናው ላይ በጣቱ ሠራ። ማዕበል አልነበረም። ሲያልቅ አንድ የደረቀ፣ የተራቆተ መሬት፣ ከዳሩ ላይ ደግሞ የራቀ ጥቁር መስመር ሆነ።

«ባሕሩ የታለ?» አለችው እትዬ።

«ሸሽቶ ነው። ባሕር አንዳንዴ ይሸሻል» አላት። «ያኔ ከታች ያለው ሁሉ ይታያል።»

እትዬ ብዙ አየችው። «ይሄ አገሬ ነው» አለች።

ንጉሡ መውረዳቸውን የሰማነው አዲስ ዓመት በገባ ማግሥት፣ ከወንድሜ ራዲዮ ነው። ጎረቤት ሁሉ ደጃችን ላይ ተሰብስቦ ነበር። ደስታም ለቅሶም አልነበረም፤ ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል። አንድ አዛውንት «እንግዲህ በማን ልንምል ነው?» አሉ፤ የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔም ሰማይ ያለ ምሰሶ የቀረ ያህል ፈዘዝኩ።

በዚያ ሰሞን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ያ ጨርቁን ያሰቀለው ሹም በራችን ላይ ቆመ። ኮቱ የለም፤ ጋቢ ተከናንቧል። ጓደኞቹ መታሰር ጀምረዋል።

«ወታደር ነህ፤ ቃልህ ይሰማል» አለው ወንድሜን። «ክፉ ሰው እንዳልነበርኩ ንገርልኝ። የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት።»

ያባርረዋል ብዬ ጠበቅኩ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር።

«ግቡ፤ ቁጭ በሉ» አለው ወንድሜ። «የሆነውን እንደሆነ እናገራለሁ። አልጨምርም፤ አልቀንስም።»

እትዬ ከማድቤት ወጣች። ሰውየውን አየችው። እኔ አፌን ይዤ ቆሜያለሁ። ተመልሳ ገባችና፣ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ወጥታ ውሃ አፈሰሰችለት። ከዚያ ቂጣ ቆርሳ አቀረበችለት። ማን እንደሆነች አላወቃትም። በላ።

ሲሄድ «እትዬ፣ ያ ሰውዬ እኮ ነው!» አልኳት።

«አውቄዋለሁ» አለች። «ርቦት ነበር።»

ወንድሜ እንደተናገረው አደረገ። መርማሪዎች ስለ ሹሙ ሊጠይቁት ሲመጡ ያየውን ብቻ ነገራቸው፤ ሰውየው ታሰረ፤ በኋላ ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ወንድሜ ያን ዓመት አልጨረሰም። ጥር ላይ፣ ዘማች ተማሪዎች ትምህርት ቤታችን ውስጥ በሰፈሩበት ሰሞን፣ እትዬ ትራሱን እያስተካከለችለት ሳለ አረፈ።

እትዬ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ወደ አገሯ ተነሣች። ማንም የለሽም፣ እዚህ ቅሪ አልኳት። «መሬቱ አለ» አለችኝ። ዘማቾቹ ዘር ሰጡኝ ብላ በትንሽ ስልቻ ያዘች። እስከ ከተማው ዳር ሸኝቻት ተመለስኩ፤ ትደርሳለች የሚል እምነት ግን አልነበረኝም።

ከሁለት መኸር በኋላ አንድ የበቅሎ ነጋዴ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቶ አስጠራኝ።

«አንዲት ሴት ከቆላ ሰላም ብላሻለች» አለኝ። «እንዲህ በላት አለችኝ፤ ማሽላው አድጎ ሰው ይሸፍናል።»

«በሕይወት አለች?»

«እንዴ! ራሷ ናት እሸት የጋበዘችኝ።»

ተማሪዎቹ እየጠበቁኝ ነበር። እኔ ግን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና ነጋዴውን እንደገና እንዲነግረኝ ለመንኩት።